የብራውንን ፍርድ እንዴት እናንብበው? ከአውቶቡሱ ጀምሩ

ልጃችሁ አሜሪካ የሚማር ከሆነ አንድ ቀን "ብራውን" የሚል የቤት ሥራ ይዞ መምጣቱ አይቀርም። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት መልስ አጭር ነው፤ በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁርና ነጭ ልጆችን በየትምህርት ቤቱ መለያየት ሕገ ወጥ ነው አለ፣ አለቀ። አላለቀም። የተጀመረውም ያኔ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ብታነቡት ይሻላል ባይ ነኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ዳኞቹን ተዋቸውና ከሳሾቹን ፈልጉ። ፍርዱ ከካንሳስ (ብራውን የሚለው ስም የመጣው ከዚህኛው ክስ ነው)፣ ከሳውዝ ካሮላይና፣ ከቨርጂኒያና ከደላዌር የመጡ አራት ክሶችን ጠቅልሎ የያዘ ነው። በየክሱ ላይ ይህን ጠይቁ፦ ሰዎቹ መጀመሪያ የፈለጉት ምን ነበር? የሳውዝ ካሮላይናዎቹ ወላጆች የፈለጉት አውቶቡስ ነው። የነጮቹ ልጆች ሰርቪስ ነበራቸው፤ የእነሱ በእግር ነው የሚሄዱት። ጆሴፍ ዴሌይን የሚባሉ ሰባኪና መምህር ወላጆቹን አስተባበሩ፣ አውቶቡሱ ተከለከለ፣ ክሱ እያደገ ሄደ። በክሱ ላይ ስሙ ቀድሞ የሰፈረው ሃሪ ብሪግስ ከሚሠራበት ነዳጅ ማደያ ተባረረ። ቨርጂኒያ፣ ፋርምቪል ውስጥ ደግሞ የ16 ዓመቷ ባርባራ ጆንስ በኤፕሪል 1951 ትምህርት ቤቱን በሙሉ ይዛ አድማ መታች። ለ180 ተማሪ በተሠራ ግቢ ከ450 በላይ ታጭቀው ነበር፤ ሕንፃው ያልበቃቸው ሬንጅ የተቀባ ወረቀት በለበሱ ጊዜያዊ ክፍሎች ይማራሉ። ልጆቹ ያሉት ደህና ሕንፃ ይሠራልን ነው። ጠበቆቹ ኦሊቨር ሂልና ስፖትስዉድ ሮቢንሰን ግን ለሕንፃ ብቻ ከሆነ አንይዘውም፣ መለያየቱን ራሱን የምትከሱ ከሆነ አለን አሏቸው። ጥያቄው ከአውቶቡስና ከሕንፃ ወጥቶ መለያየቱን ራሱን ወደመክሰስ የተሻገረበትን ቦታ አስምሩበት። ለእኔ ዋናው ታሪክ እሱ ነው።

ቀጥሎ ወደኋላ ሂዱ። በ1896 ይኸው ፍርድ ቤት፣ ፕሌሲ በተባለ የሉዊዚያና የባቡር ክስ፣ "ለየብቻ ግን እኩል" እስከሆነ ድረስ መለያየት ይቻላል ብሎ ነበር። ይህን የመናድ ዘዴ የቀየሰው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን የሕግ ትምህርት ቤት ይመራ የነበረው ቻርለስ ሃሚልተን ሂዩስተን ነው፤ በብራውን ክስ ለከሳሾቹ የተከራከረው ጠበቃ ቱርጉድ ማርሻል የእሱ ተማሪ ነበር። (ዲሲ ላሉ፦ ዩ ስትሪት ያሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች አጠገብ ያለው ሃዋርድ ነው።) ዘዴው ከላይ መጀመር ነው። ከሕፃናት ትምህርት ቤት ሳይሆን ከሕግና ከድኅረ ምረቃ ትምህርት። ለምን ቢባል፣ ለአንድ ጥቁር አመልካች ብሎ ለብቻው የሕግ ትምህርት ቤት መክፈት ውድ ነው፣ ደግሞም ዳኛ የሆነ ሰው ጥሩ የሕግ ትምህርት ቤት ምን እንደሆነ ማንም አያስረዳውም።

በ1950 በአንድ ቀን የተሰጡትን ሁለት ውሳኔዎች ጎን ለጎን አድርጓቸው። ቴክሳስ ሂማን ስዌትን ላለመቀበል ሌላ የሕግ ትምህርት ቤት አቋቋመች። ፍርድ ቤቱ የአንድን ትምህርት ቤት ስምና ዝና፣ መምህራኑንና ተመራቂዎቹን ቀድታችሁ መስጠት አትችሉም አለ። ኦክላሆማ ደግሞ ጆርጅ ማክሎሪንን ተቀበለችው፤ ግን በክፍል ለብቻው፣ በቤተ መጻሕፍት ለብቻው፣ በካፍቴሪያም ለብቻው አስቀመጠችው። ያው ሕንፃ፣ ያው መምህር፣ ያው መጽሐፍ። እኩል አይደለም ተባለ። ብራውን የመንገዱን ግማሽ የሄደው እዚህ ነው።

አሁን ዋናውን ፍርድ ክፈቱ። ሜይ 17፣ 1954። አትፍሩት፣ አጭር ነው፣ ቡና እየጠጣችሁ ታነቡታላችሁ። ጭብጡ አንድ ነው፦ ሕንፃውና ሌላው የሚታይ ነገር ሁሉ እኩል ቢሆን እንኳ፣ በዘር መለየቱ ብቻውን ልጆቹን እኩል ዕድል ይነፍጋል ወይ? የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ኧርል ዋረን አዎ ብለን እናምናለን አሉ፤ ዘጠኙም ዳኞች ተስማሙ፣ የልዩነት ሐሳብ የለም። የካንሳሱ ክስ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፣ ቶፒካ ውስጥ የሁለቱ ወገን ትምህርት ቤቶች በሕንፃ ብዙም አይራራቁም ነበርና "አስተካክሉት" ብሎ ማምለጫ አልነበረም። የተማሪዎች ፖስተር ላይ ሁልጊዜ የአሻንጉሊቶቹ ጥናት (ጥቁር ልጆች ነጭና ጥቁር አሻንጉሊት ቀርቦላቸው ብዙዎቹ ነጩን የመረጡበት) ነው ፊት የሚወጣው፤ ፍርዱ ውስጥ ብትፈልጉት የምታገኙት ግን የግርጌ ማስታወሻ ላይ ነው።

የዋሽንግተን ዲሲው ክስ፣ ቦሊንግ፣ በዚያው ቀን ለብቻው ተወሰነ። ዋናው ፍርድ የቆመበት፣ ሰው ሁሉ በሕግ እኩል እንዲጠበቅ የሚለው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሚያዘው ክፍለ ግዛቶችን ነው፤ ዲሲ ክፍለ ግዛት አይደለችም፣ ስለዚህ የፌዴራል መንግሥቱን በሚያዘው በ5ኛው ማሻሻያ ተሄደ።

ፍርዱን ስትጨርሱ አንድ ነገር ታጣላችሁ። ትእዛዙ የት አለ? መቼ፣ በማን፣ እንዴት ይፈጸም? ይህ የመጣው በሜይ 1955 በሁለተኛው ብራውን ነው፣ የመጣውም "ታስቦበት በሚሆን ፍጥነት" ተብሎ ቀነ ገደብ ሳይኖረው ነው። የማይፈልግ ባለሥልጣን ደግሞ ሲያስብ ይኖራል። የእነ ባርባራ ጆንስ ካውንቲ በ1959 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ፤ ነጮቹ ልጆች የግል ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው፣ ብዙ ጥቁር ልጆች እስከ 1964 ድረስ ያለ ትምህርት ቀሩ። ስለዚህ ከ1954 በኋላ ያሉትን ስታነቡ መብቱን ሳይሆን አፈጻጸሙን ተከታተሉ። በ1968 በግሪን ክስ ፍርድ ቤቱ አሁኑኑ የሚሠራ ዕቅድ አምጡ አለ። በ1974 ዲትሮይት ላይ ግን፣ ሚሊከን በተባለው ክስ፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ የከተማ ዳርቻዎቹ የትምህርት ወረዳዎች ራሳቸው ጥፋት መፈጸማቸው ካልታየ ልጆቹን በማቀላቀሉ መፍትሔ አይገደዱም ተባለ። የልዩነት ሐሳብ ከጻፉት ዳኞች አንዱ በብራውን ጊዜ ጠበቃ የነበረው ቱርጉድ ማርሻል ነው። ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ዝለሉና ይህን የማርሻልን ሐሳብ ከ1954ቱ ፍርድ ቀጥላችሁ አንብቡት።