ከኮምቦልቻ ወደ ራስ ዳሸን፦ ጉዞውን እንዴት እንዳሰላሁት

መጀመሪያ ሽንፈቴን ልንገራችሁ። ጥር 2010 ላይ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ራስ ዳሸን ልንወጣ ሄድን። የመንገዱ ቀን ሲቀነስ ለተራራው የቀረን አራት ቀን ብቻ ነበር። «የወሎ ልጆች ነን፣ ዳገት ምን ያደርገናል?» ብለን በመኪና በቀጥታ ጨነቅ የሚባለው ካምፕ ገብተን አደርን። ጨነቅ 3,620 ሜትር ነው። እኔ የምኖርባት ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ናት። ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ወቀረኝ። ጠዋት ሻይ እንኳ አልወርድ አለኝ። የቧሂት ማለፊያ ሳልደርስ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ፣ አስመለሰኝ፣ ተመለስኩ።

ኅዳር 2012 ላይ እንደገና ሄድኩና ወጣሁ። እግሬ አልተሻሻለም፣ እንዲያውም ሁለት ዓመት አርጅቶ ነበር። የተለወጠው ዕቅዱ ነው። ሙያዬ ሒሳብ ነው፤ የአንድ ጋራዥ ደብተር እይዛለሁ። ስለዚህ ተራራውንም እንደ ደብተር ነው የማወራችሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ስልክ። ደባርቅ ላለው የሲሜን ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት ወይም ለምታውቁት አስጎብኚ ደውሉና መንገዱም ተራራውም ሰላም መሆኑን ጠይቁ። ከወልድያ እስከ ጎንደር ያለውንም ሾፌሮችን ጠይቁ። «ቆዩ» ካሏችሁ ቆዩ። ያለዚህ ስልክ ሌላው ሒሳብ ሁሉ ከንቱ ነው።

ከብሩ በፊት ሌሊቱን ቁጠሩ

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ብር ይፈጃል?» ብሎ ነው። ጥያቄው «ስንት ሌሊት?» መሆን አለበት። ሰውነት ስስ አየር የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው፤ ስለዚህ ከ3,000 ሜትር በላይ የዛሬው ማደሪያ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ባይበልጥ ይመከራል። ቀን ላይ ከዚያ በላይ ወጥቶ መመለስ ይቻላል። ዋናው የሚታደርበት ቦታ ነው።

የእኛ እንዲህ ነበር። የመጀመሪያው ሌሊት ደባርቅ፣ 2,850 ሜትር። ቀጥሎ ሳንቃ በር፣ 3,250። ሦስተኛው ግጭ፣ 3,600። አራተኛው ጨነቅ፤ ከፍታው ከግጭ ብዙም አይለይም፣ ግን ቀኑን በእሜት ጎጎ በኩል ሄደን 3,926 ሜትር ነክተን ነው የወረድነው። ከዚያ 4,200 ገደማ ያለውን የቧሂት ማለፊያ ተሻግረን፣ መሸሃ ወንዝ ድረስ ቁልቁል ወርደን፣ እንደገና ትንሽ ወጥተን አምቢቆ፣ 3,200። እዚያ ሁለት ሌሊት። በመሃሉ ባለው ቀን ጫፉን ወጥተን ተመለስን። በመጨረሻው ቀን ወደ ጨነቅ ተመልሰን መኪና ጠበቀን።

ሲደመር ስድስት የእግር ቀን ነው። ከኮምቦልቻ ደባርቅ በወልድያ፣ በጋሸናና በደብረ ታቦር በኩል ሁለት ቀን አስቡ፤ መመለሻውም ሁለት። አሥር ሆነ። አንድ ቀን ለመጠባበቂያ ያዙና አሥራ አንድ በሉት። የመጀመሪያው ጉዞዬ የከሸፈው ያን የመጠባበቂያ ቀን ቆርጬ፣ አልበቃ ሲለኝ ደግሞ ሁለት የማደሪያ ሌሊት ጨምሬ በመቁረጤ ነው።

ወሩን በተመለከተ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብና ጭጋግ ነው። ጥቅምት ላይ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ውሃ ያረጋል። ግጭ ላይ ከድንኳን ውጭ የተውኩት ሃይላንድ ጠዋት በረዶ ሆኖ አገኘሁት።

ሐረጎ ነጻ ጂም ነው

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ስምንት ሳምንት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐረጎ የሚባለውን ይህን ዳገት በእግሬ ወጣሁ። አስፋልቱ የከባድ መኪና ነው፣ ስለዚህ ባገኘሁበት ሁሉ በእግር መንገዱ እቆርጥ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ 8 ኪሎ ጤፍ አደርጋለሁ። ደሴ እህቴ ቤት ስደርስ ጤፉን ትቀበለኛለች። ከእኔ ልምምድ የተጠቀመችው እሷ ናት።

እሑድ ደግሞ ቦርሳው ውስጥ ውሃ በሃይላንድ ሞልቼ እወርዳለሁ። መውረዱን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ከቧሂት ማለፊያ እስከ መሸሃ ወንዝ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው፣ ያውም ድንጋይ። ጉልበት የምንለው ነገር ለምን ጉልበት እንደተባለ እዚያ ይገባችኋል። ጫማውም የሐረጎው ጫማ ይሁን። አዲስ ጫማ አድርጎ ሲሜን መሄድ ተረከዝን አሳልፎ መስጠት ነው።

ከመነሳታችን በፊት ያለውን ሳምንት እህቴ ቤት አደርኩ፣ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ወደ ሥራ እየወረድኩ። ደሴ 2,500 ገደማ ናት። ተራራ አትተካም፣ ከቆላ ተነስቶ ከመሄድ ግን ይሻላል። ከኋላዋ ያለው ጦሳም ለአንድ ጠዋት ጥሩ ዳገት ነው።

ሰውና በቅሎ

ደባርቅ ላይ ፈቃድ ታወጣላችሁ። መታወቂያ እንዳትረሱ፤ የኢትዮጵያዊና የውጭ ዜጋ ክፍያ ይለያያል። መሣሪያ የያዘ ጠባቂ (ስካውት) ግዴታ ነው። አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና በቅሎ ነጂ እዚያው ይገኛሉ። «አማርኛ እንችላለን፣ አስጎብኚ ለምን?» የሚል ጓደኛ ነበረን። አስጎብኚው ያስፈለገን ለቋንቋ አይደለም። ውሃ የቱ ጋ እንደሚቀዳ የሚያውቀው፣ ፊታችሁን አይቶ «አንቺ ዛሬ አልበላሽም» የሚለው እሱ ነው።

ሒሳቡ ሁለት ዓይነት ነው። አስጎብኚ፣ ስካውት፣ አብሳይና መኪና ሁለትም ሁኑ ስድስት ያው ነው። ምግብና በቅሎ ግን በሰው ቁጥር ይጨምራል። ለዚህ ነው አምስት ወይም ስድስት ሆኖ መሄድ የሚረክሰው። እኛ አምስት ነበርን፣ ገንዘቡን ያጠራቀምነው በዕቁብ ነው። ዕጣው ቀድሞ የደረሳቸው ጃኬትና ስሊፒንግ ባግ ገዙበት፣ የመጨረሻዎቹ ለመንገድ አዋሉት።

ዋጋ ስትነጋገሩ ሁሉም በቀን ነው። ታዲያ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ የመመለሻ ቀን። እናንተ ከጨነቅ በመኪና ስትሄዱ በቅሎ ነጂው በእግሩ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው። ያ ቀን ይከፈላል። በመጀመሪያው ጉዞ ይህን ሳንነጋገር ቀርተን መጨረሻ ላይ ተጨቃጨቅን። ጥፋቱ የእኛ ነበር፣ እስካሁን ያሳፍረኛል። ጉርሻ ደግሞ ከክፍያው ውጭ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው በእጁ ለመስጠት ዝርዝር ብር ከጎንደር ይዛችሁ ግቡ።

ድስቱ ላይ ተስማሙ

ከአምስታችን ሦስቱ ሙስሊም፣ ሁለቱ ክርስቲያን ነን። ቤት ውስጥ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ ወሎ ነው። ተራራ ላይ ግን ድስቱ አንድ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ እኛ ደግሞ መሃሉ ላይ ነን። በግ ገዝቶ ማረድ የሚለው ሐሳብ መጀመሪያውኑ ወደቀ፦ ማን ይባርካል፣ ማን ይበላል? ስለዚህ ሥጋም ቅቤም ቀረና ሁሉም የጾም ሆነ። ማንም አልተጎዳም። ረመዳንም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚገባ የመውጫው ወራት ውስጥ እየመጣ ነው። ቀን ስትቆርጡ ሁለቱንም አቆጣጠር ዘርግታችሁ ተመልከቱ።

ከቤት የያዝነው በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ተምርና ኦቾሎኒ ነበር። ድፍን ምስር ይዛችሁ አትድከሙ። 3,600 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ምስሩ ሳይበስል ጋዙ ያልቃል። ሽሮ ግን ወዲያው ይደርሳል። በሶ የምግብ ፍላጎት ሲጠፋ እንኳ ይወርዳል፣ ፍላጎቱም መጥፋቱ አይቀርም። ማብሰያው ጋዝ ይሁን እንጂ እንጨት አትልቀሙ። መጋቢትና ሚያዝያ 2011 ላይ በፓርኩ ውስጥ የደረሰውን ቃጠሎ ሰምታችኋል። እኛ ስናልፍ የጠቆረ የአስታ ዛፍ አይተናል።

ቡናን በተመለከተ አጥብቄ የምናገረው አለ። በቀን ሦስት ጊዜ የምትጠጡ ከሆነ ይዛችሁ ሂዱ። ድንገት ያቋረጠ ሰው ራሱን ያመዋል፣ የከፍታ ሕመምም የሚጀምረው በራስ ምታት ነው። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ መጨነቅ ይመጣል። እኛ የብረት ጀበና ይዘን ነበር። ሳንቃ በር ላይ አቦል ስናፈላ ጭላዳዎች ከአሥር ሜትር ርቀት ሣራቸውን እየነጩ ዘወር ብለው እንኳ አላዩንም።

ዕቃው ብዙ አያስጨንቅ። ለብርድ የሚሆን ስሊፒንግ ባግ፣ የራስ ባትሪ፣ የዝናብ ልብስ፣ ጓንት፣ ኮፍያ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ለውሃ ማከሚያ ውሃ አጋር። ጃኬቴን ከሰልባጅ ነው የገዛሁት፣ እስካሁን ይዤዋለሁ። ጋቢ ለሌሊት ጥሩ ነው፤ ለመንገድ አይሆንም፣ ከረጠበ አይደርቅም።

ጫፉና መመለሱ

ከአምቢቆ የተነሳነው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። 1,350 ሜትር ዳገት ነው። ጅባራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች በባትሪው ብርሃን ቆመው የሚጠብቁ ሰዎች ይመስላሉ። ቶሎ ቶሎ ስራመድ ባለ በቅሎው አዩኝና «በቅሎዋ እንኳ ቆማ ትተነፍሳለች፣ አንቺን ምን ያስቸኩልሻል?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እያወራሁ መሄድ የማልችልበት ፍጥነት ላይ ስደርስ ቆም እል ነበር። መለኪያው ይሄው ነው።

የመጨረሻው ክፍል ድንጋይ ነው፣ እጅ ይፈልጋል። ላይ ስትደርሱ ከማዶ ያለው ጫፍ ከፍ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። አይደለም፣ ዓይን ነው። በትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ብለን ነበር ያጠናነው፤ አሁን በብዛት የሚጻፈው 4,550 ነው። ሰባ ሜትር የቀነሱልን መስሎኝ ሳቅሁ።

መቼ እንደሚመለስ ግን ከቤት ሳትወጡ ተስማሙ። ቀላል ራስ ምታት ከሆነ እዚያው ዕረፍት፣ ውሃ፣ ከዚያ በላይ አለመውጣት። ሰው ሲንገዳገድ፣ ንግግሩ ሲዘባረቅ፣ ወይም ተቀምጦ ትንፋሽ ሲያጥረው በሌሊትም ቢሆን መውረድ ነው። አንድ ሰው ሲወርድ ማን አብሮ እንደሚወርድ እኛ ደሴ ላይ ቡና እየጠጣን ስሙን ጽፈን ጨረስን። ዳያሞክስ የሚባለውን የከፍታ ሕመም መድኃኒት ለመውሰድ ያሰበ ሐኪም ያማክር፤ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበትም እንዲሁ።

ለመኪናው ባለቤት ከጨነቅ የሚያነሳችሁን ቀንና ሰዓት ደባርቅ እያላችሁ ቁረጡ፤ ከተራራው ውስጥ ስልክ አትመኑ። እኛ «8 ሰዓት» ብለን 10 ሰዓት ላይ ደረስን፤ ሾፌሩ ተኝቶ ጠበቀን። እየጠበቀ ሳለ ዋልያዎቹ ከገደሉ አፍ ላይ ወጥተው ነበር አለን። እኛ ስድስት ቀን ሙሉ ሦስት ብቻ ነው ያየነው፣ ያውም ከሩቅ።