ዓላማን እንደ ዕቁብ መያዝ፦ ራስን የማሻሻል ሥራ እንዴት ይጀመራል፣ እንዴትስ ይቀጥላል?

ጳጉሜን በገባ ቁጥር አዲስ አጀንዳ እገዛ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የዓመቱን ዕቅዴን በተራ ቁጥር እጽፋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ቤት ስንቀይር ታዲያ ሦስት አሮጌ አጀንዳዎች ከአንድ ካርቶን ውስጥ ወጡ። ሦስቱም ላይ ተራ ቁጥር 1 አንድ ዓይነት ነው፦ «እንግሊዝኛዬን ማሻሻል»። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ባዶ ናቸው።

እዚያው ካርቶን ውስጥ የእናቴ የዕቁብ ደብተር ነበር። ጠርዙ ተቀዳዷል፣ ልባሱን ዘይት ነክቶታል። በየእሑዱ አንድ ምልክት አለ። የተዘለለ እሑድ ፈልጌ አጣሁ። እናቴ ታማ የተኛችበትን ወር አስታውሳለሁ፤ ያኔም ብሩን በእኔ እጅ ትልክ ነበር።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ቆየሁ። ዕቁብ ሰው እንዳይዘል ተደርጎ የተሠራ ነገር ነው። መጠኑ አቅምን ያገናዘበ ነው። ቀኑ ይታወቃል። የሚጠብቅ ሰው አለ። ዙሩ ያልቃል፤ ሲያልቅ ሌላ ዙር ይጀመራል። የእኔ ዕቅድ ከእነዚህ አንዱም አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ዓላማዬን የምይዘው እንደ ዕቁብ ነው። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ላሳያችሁ።

1. መጀመሪያ ሁሉንም ጻፉት

አንድ ሰዓት ያህል ብቻችሁን የምትሆኑበት ቦታ ፈልጉ። ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። ከዚያ እንዲለወጥ የምትፈልጉትን ነገር ሁሉ ወረቀት ላይ አውርዱት። ጤና፣ ትምህርት፣ ገንዘብ፣ ጸሎት፣ ከሰው ጋር ያላችሁ ነገር፣ ምንም አይቅር። ለማሳመር አትድከሙ፤ ወረቀቱን ከእናንተ በቀር የሚያየው የለም።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ እያንዳንዱን መስመር እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ ማንም ባያይልኝ፣ ማንም ጎበዝ ባይለኝ፣ ይህን ነገር አሁንም እፈልገዋለሁ? እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ብዙ ዕቅዳችን የሚመጣው ከሰው ቤት ነው። የአክስት ልጅ ማስተርሷን ስለያዘች ማስተርስ። ጓደኛ መንጃ ፈቃድ ስላወጣ መንጃ ፈቃድ። ክፋት የለውም። ግን የተዋስነው ዓላማ ኅዳር ሳይገባ ይረሳል።

የእኔም እንግሊዝኛ ለሦስት ዓመት ቆሞ የቀረው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ሁሉ ስለሚጽፈው ጻፍኩት። በደንብ ስጠይቀው የምፈልገው ሌላ ሆኖ ተገኘ፦ ለሥራዬ የሚያስፈልጉኝን መጻሕፍት ሰው ሳላስቸግር አንብቤ መረዳት። ይህን ካወቅኩ በኋላ አንድ ማሠልጠኛ ከፍዬ ገብቼ በሁለተኛው ሳምንት ለምን እንዳቋረጥኩ ገባኝ። እዚያ የሚያስተምሩት ንግግር ነበር፤ እኔ የምፈልገው ንባብ።

2. አንዱን ምረጡ

ዝርዝራችሁ ውስጥ አሥር ነገር ሊኖር ይችላል። አንዱን ብቻ ያዙ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በአንድ መስከረም ስፖርት፣ ቁጠባ፣ ንባብና የማታ ትምህርት የጀመረ ሰው ጥቅምት ላይ ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል። የቀሩትን አትጣሏቸው፤ ለሚቀጥለው ዙር ይቆዩ።

3. ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ስጡት

ይህኛው ክፍል ሁሉን ስለሚወስን ትንሽ ልቆይበት።

ዕቁብ «ገንዘብ ማጠራቀም» ብሎ አይነሳም። እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ዳኛው ቤት፣ 500 ብር ይላል። 20 ሰው ካለ በየሳምንቱ 10,000 ብር ለአንድ ሰው ይወጣል፤ በ20 ሳምንት ለሁሉም ይዳረሳል። ማንም ሰው «ዘንድሮ ብዙ ልቆጥብ» ብሎ ሲምል አይሰማም። ቀኑ ደረሰ፣ ብሩ ተከፈለ፣ አለቀ።

የእናንተም ዓላማ እንዲህ ተብሎ እስኪነገር ድረስ አስተካክሉት። የእኔ እንዲህ ሆነ፦ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ 4 ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን 10 ገጽ። አብርሆት በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው፣ ፓርላማው ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ነው። ቦታ ለመያዝ ማኪያቶ ማዘዝ አያስፈልግም። ግራ ቀኛችሁ ያለው ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ሲያነብ ስታዩ ስልክ ለማውጣት እጃችሁ ይከብዳል። ቦታ እንዲህ ያግዛል። ቤት ውስጥ አልጋ ላይ ሆኜ ስንት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ዓላማችሁ ስፖርት ከሆነ፣ ረቡዕና ዓርብ ከንጋቱ 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ፣ ደረጃውን አምስት ጊዜ መውጣትና መውረድ ይሁን። በዚያ ሰዓት ብቻችሁን አትሆኑም፤ ከተማው ሲነጋ እዚያ የሚሮጥ ሰው አይጠፋም። ዓላማችሁ ቁጠባ ከሆነ ደግሞ ደመወዝ በገባበት ቀን፣ አንድ ብር ሳይወጣ፣ የተወሰነው ይነሳ።

መጠኑን ስትወስኑ በጣም የደከማችሁበትን ቀን አስቡ። ከሥራ ወጥታችሁ፣ ዝናብ መትቷችሁ፣ ታክሲ አጥታችሁ ቤት ስትገቡ እንኳ ልታደርጉት የምትችሉትን ያህል ይሁን። የመስከረም 1 ስሜት አያታልላችሁ። እኔ መጀመሪያ 40 ገጽ ብዬ ነበር፤ ወደ 10 አወረድኩት። 10 ገጽ ትንሽ ይመስላል። በሳምንት አምስት ቀን ከሆነ ግን 50 ገጽ ነው። ባለ 250 ገጽ መጽሐፍ በአምስት ሳምንት ያልቃል። በዓመት ወደ አሥር መጽሐፍ ይጠጋል። እኔ ከዚያ በፊት በአሥር ዓመትም አሥር የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አልጨረስኩም።

የቀኑን የማላውቃቸውን አምስት ቃላት ከመታወቂያ በማይበልጥ ወረቀት ላይ እጽፍና ከስልኬ ሽፋን ጀርባ እሸጉጣታለሁ። ማታ 4 ኪሎ የፈረንሳይ ሌጋሲዮን ታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም አወጣታለሁ። ሰልፉ አንድ እርምጃ ሲሄድ አንድ ቃል አያለሁ። ትርጉሙን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ለራሴ እናገራለሁ፣ ጣቴን አነሳለሁ። የተሳሳትኩትን ከመጀመሪያው እደግመዋለሁ። ረዳቱ «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» ሲል ወረቀቷን መልሼ እሸጉጣለሁ። ዝናብ የመታት ቀን ቀለሙ ይፈስና እንደገና መጻፍ ይኖርብኛል። እንደገና የጻፍኳቸው ቃላት ደግሞ ከሁሉም በላይ አእምሮዬ ውስጥ ቀርተዋል።

4. ዳኛ ይኑራችሁ

ዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ አለው። እናንተም አንድ ሰው ያስፈልጋችኋል። አንድ ብቻ። ፌስቡክ ላይ ዕቅዴን ለጥፌ አውቃለሁ፤ ብዙ ሰው «በርታ» አለኝ፣ ከሳምንት በኋላ ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ዳኛችሁ የሚወዳችሁ፣ ግን የማያባብላችሁ ሰው ይሁን። ምክር እንዲሰጣችሁ አትጠይቁት። ሥራው በተወሰነ ቀን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው። የእኔ ዳኛ እናቴ ናት። እሑድ ማታ ቡና እየተፈላ «አነበብክ?» ትለኛለች። የማነበውን መጽሐፍ ይዘት አታውቀውም፤ ማወቅም አያስፈልጋትም። ፊቷን እያዩ «አላነበብኩም» ማለት ከባድ ነው፤ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። ከጓደኛ ጋር የምታደርጉት ከሆነ ለዘለለ ሰው ትንሽ ቅጣት መወሰን ይቻላል።

5. ያለፈውን ዕዳ አታጠራቅሙ

እዚህ ላይ ዓላማ ከዕቁብ ይለያል። ዕቁብ የሚቀር ዕዳ አያውቅም፤ ያጎደላችሁትን ትሞላላችሁ። ንባብ ወይም ስፖርት ግን እንዲህ ከያዛችሁት ይገድላችኋል። ሦስት ቀን ያመለጠው ሰው «ዛሬ 40 ገጽ አለብኝ» ብሎ ይቀመጣል፣ ያቅተዋል፣ ያፍራል፣ ይተወዋል። ያመለጠው አምልጧል። ዛሬ 10 ገጽ ብቻ ነው። ለሁለት ሳምንት ሙሉ ካልሆነላችሁ ግን ወደ ደብተሩ ተመለሱና መጠኑን ወይም ሰዓቱን ቀይሩ፤ ከዳኛችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

የእኛን ኑሮ ደግሞ አስቀድማችሁ አስቡበት። ለቅሶ አለ፣ መብራት ይጠፋል፣ ጥር ሲመጣ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን አነስተኛ መጠን ይኑራችሁ። የእኔ 2 ገጽ ነው። ለቅሶ ቤት አድሬ በመጣሁ ማግሥት እንኳ 2 ገጽ አላቃተኝም።

ያደረጋችሁበትን ቀን ባንኮች በሚያድሉት የግድግዳ ካሌንደር ላይ አክብቡ። ለዚህ አፕ ማውረድ አያስፈልግም።

6. ዙሩን ዝጉ፣ ሌላ ዙር ክፈቱ

ዕድሜ ልክ ራሴን አሻሽላለሁ ብሎ መነሳት ያስፈራል፤ መጨረሻው አይታይማ። ዙር ግን ይታያል። የእኛ ካሌንደር ለዚህ እንዴት እንደሚመች ያየሁት ቆይቼ ነው። 12ቱ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ናቸው። ስለዚህ ዓመቱ እኩል አራት ዙር ይሆናል፤ እያንዳንዱ 90 ቀን። መስከረም 1፣ ታኅሣሥ 1፣ መጋቢት 1 እና ሰኔ 1 ይጀመራሉ። ከዚያ ጳጉሜን ትተርፋለች፤ አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ ስድስት። ጳጉሜን ሥራ የለም። ደብተር ማየት ብቻ።

ሦስት ነገር ጠይቁ። ምን ሆነልኝ? ምን አልሆነልኝም፣ ለምን? ዓላማው አሁንም የእኔ ነው? ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዓላማ መቀየር መሸነፍ ይመስለዋል።

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ በማግሥቱ እንቁጣጣሽ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ባደረገ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደገመው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ደጋግሜ የማስበው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። በ1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ ደረሰበት፤ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት መወርወር ተማረና እንግሊዝ አገር ተወዳደረ። ኖርዌይም ሄዶ በበረዶ ላይ ተንሸራቶ አሸነፈ። መሮጥ ሲቀር ዓላማው ተቀየረ፤ ልምምዱ ግን አልቆመም። ሥራችሁ፣ ጤናችሁ ወይም ቤተሰባችሁ ሲለወጥ እናንተም ዓላማችሁን ቀይሩት። ዙሩን ብቻ አታቋርጡ።

ባለፈው ጳጉሜን እናቴም የራሷን ዓላማ ነገረችኝ። ዕቁቡን ሰው ሳትልክ በቴሌብር ራሷ መክፈል ትፈልጋለች። ዳኛዋ እኔ ሆንኩ። በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ አንድ ነገር ብቻ ለመለማመድ ተስማማን። የመጀመሪያው እሑድ የሚስጥር ቁጥሯን ማስገባት ነበር። ሁለተኛው ቀሪ ሂሳብ ማየት። ሦስተኛው ለእኔ 10 ብር መላክ፤ አንድ ቁጥር ተሳስታ ስለነበር እሱን ለሁለት እሑድ ደጋገምነው። አምስተኛው እሑድ መነጽሯን አደረገች። የዕቁቡን ዳኛ ስልክ ቁጥር ጣቷን እያስከተለች ሁለት ጊዜ አነበበች፣ 500 ብር ብላ ጻፈች፣ ላከች። ወዲያው ደወለችለት።

«ገባ?»

ገብቷል። ደብተሯን አውጥታ ምልክቷን አደረገች።