የጭስን መንገድ በሞዴል ስናሰላ የሚያሳስቱን ነገሮች

የስርጭት ሞዴል፣ ማለትም ከምንጩ የወጣ ጭስ በአየር ውስጥ ወዴት እንደሚሄድና የት ምን ያህል እንደሚሆን የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ አይከራከርም። የተሳሳተ ቁጥር ብትሰጡትም ባለቀለም ካርታ አሳምሮ ያወጣላችኋል። ካርታው ካማረ ደግሞ የገባውን መረጃ ተመልሶ የሚፈትሽ የለም።

ምንጩን ሁሉ እንደ ጭስ ማውጫ መቁጠር። ጭስ ማውጫ ነጥብ ነው፣ መንገድ መስመር ነው፣ የቆሻሻ መጣያ ሜዳ ደግሞ ስፋት አለው። የፋብሪካ ጭስ ሞቃት ስለሆነና ተገፍቶ ስለሚወጣ ከማውጫው አፍ በላይም ሽቅብ ይጓዛል። ከሜዳ የሚነሳ አቧራ ይህ ጉልበት የለውም፤ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። አቧራውን በጭስ ማውጫ መልክ ካስገባችሁት፣ ሜዳው አጠገብ የሚኖረው ሰው በካርታው ላይ ንጹህ አየር ሲተነፍስ ታገኙታላችሁ።

ዓመታዊ ልቀትን ለዓመቱ ሰከንዶች ሁሉ ማካፈል። በዓመት 31.5 ቶን የሚለቅ ፋብሪካ በሰከንድ 1 ግራም ገደማ ይደርሰዋል። በቀን 8 ሰዓት ብቻ የሚሠራ ከሆነስ? ያኔ በሥራ ሰዓቱ የሚለቀው 3 ግራም ነው። የ1 ሰዓቱን ከፍተኛ ክምችት (በአየሩ ውስጥ ያለውን የብክለት መጠን) ወደ ሲሶው አወረዳችሁት ማለት ነው። ሥራው የሌሊት ከሆነ ደግሞ ሊብስ ይችላል፤ ሌሊት አየሩ ስለሚረጋ ጭሱ ቶሎ አይበተንም።

ንፋስ የሌለበትን ሰዓት መሰረዝ። እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ብዙ ሞዴሎች በሚጠቀሙበት የጋውስ ቀመር (ጭሱ ከመሃሉ ወደ ዳር እየሳሳ እንደሚሄድ አድርጎ የሚያሰላ ነው) የሚለቀቀው መጠን ለንፋስ ፍጥነት ይካፈላል። ፍጥነቱ ዜሮ ሲሆን ቀመሩ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ብዙዎች ሰዓቱን ሰርዘው ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1952 ለንደን በጭስ ታፍና ሺዎች የሞቱት ግን ንፋሱ ጠፍቶ፣ ሞቃት አየር ከላይ እንደ ክዳን ተደፍቶ ሳለ ነው። የተሰረዘው ሰዓት ዋናው ሰዓት ነበር። ለእንዲህ ያለው ጊዜ ጭሱን ቁራጭ በቁራጭ የሚከተል ሞዴል ይሻላል።

የንፋስ አቅጣጫን መገልበጥ። በሜትሮሎጂ 270 ዲግሪ ማለት *ከምዕራብ* የሚመጣ ንፋስ ነው። እኔም አንዴ ገልብጬው ጭሱን በሙሉ ሰው ወደሌለበት ሰድጄዋለሁ። ደስ የሚል ውጤት ነበር!

ሕንፃን መርሳት። ጭስ ማውጫው ከአጠገቡ ሕንፃ ቁመት 2.5 እጥፍ ካልደረሰ፣ ከሕንፃው ጀርባ የሚሽከረከረው አየር ጭሱን ወደ መሬት ሊጎትተው ይችላል።

ውጤቱን በቀጥታ ከመለኪያ ጋር ማወዳደር። ሞዴሉ የሚያውቀው ያስገባችሁለትን ምንጭ ብቻ ነው። መለኪያው ግን የጎረቤቱን ማገዶና ከሩቅ የመጣውን ብናኝም ይቆጥራል። የመነሻ ክምችት (ከሌሎች ምንጮች የመጣና አየሩ ውስጥ ቀድሞ ያለ ብክለት) ሳይደመርበት ሁለቱ ልክክ ካሉ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሞዴሉን ነው።