የግቢው ፍሳሽ ማጣሪያ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ

አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ ከሚሄደው ዋና የፍሳሽ መስመር ርቀው የተሠሩ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች፣ ሆቴሎችና ሪል እስቴቶች ፍሳሻቸውን እዚያው ግቢያቸው የሚያጣሩበት ጊዜ አለ። ማጣሪያው ሲሸት ወይም ደፍርሶ ሲለቅ የመጀመሪያው ወሬ «ማሽኑ ተበላሸ» ነው። ብዙ ጊዜ ግን ማሽኑ ደህና ነው። ሥራውን የሚሠራው ባክቴሪያው ነው። እሱ ደግሞ ወይ አየር አጥሮታል፣ ወይ የማይችለው ነገር ገብቶበታል። መለዋወጫ ከማዘዛችሁ በፊት እስቲ እነዚህን እዩ።

የማወራው ብሎወር የሚባል ማሽን አየር ስለሚነፋበት ዓይነት ነው። ፍሳሹ በወንፊት ያልፍና ማመጣጠኛ ታንክ ውስጥ ይጠራቀማል። አየር መስጫው ውስጥ ባክቴሪያው ይበላዋል። ማዝቀጫው ጋ ሲደርስ ዝቃጩ ይወርዳል፣ የጠራው ውሃ ከላይ ይወጣል። አንዳንድ አዳዲሶቹ በማዝቀጫ ፈንታ ሜምብሬን፣ ማለትም ውሃውን አሳልፎ ዝቃጩን የሚያስቀር ረቂቅ ማጣሪያ አላቸው።

ከሁሉ በፊት፦ ጋዝ መለኪያ፣ ማናፈሻ፣ የደህንነት ገመድና ላይ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ከሌለ ማንም ታንክም ሆነ ማንሆል ውስጥ እንዳይገባ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሲበዛ አፍንጫ ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። አንዱ ሲወድቅ ሊያወጣው ዘሎ የሚገባው ሰውም እዚያው ይቀራል።

ውሃው ጠቁሯል፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል

ደህና የሆነ አየር መስጫ ቡናማ ነው፣ ሽታውም የእርጥብ አፈር ነው። ከጠቆረ አየር አጥሮታል። መጀመሪያ ላዩን ተመልከቱ። አረፋው በሁሉም ቦታ በእኩል፣ ደቀቅ ብሎ መውጣት አለበት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንደሚፈላ ድስት የሚገነፍል ከሆነ እዚያ ጋ ዲፊውዘሩ (ከታንኩ ሥር አየሩን አድቅቆ የሚለቀው ዕቃ) ተቀዷል፣ አየሩ በሙሉ በዚያ እየወጣ ነው። አረፋ የማይታይበት ቦታ ካለ ደግሞ ዲፊውዘሩ ተደፍኗል። በሁሉም ቦታ ከደከመ ወደ ብሎወሩ ሂዱ። የአየር ፊልተሩን አውጡና እዩ። ግንባታ ያላለቀበት ሳይት ላይ አቧራው ቶሎ ይደፍነዋል። ቀጥሎ ቺንጋው ላልቶ እንደሆነ ፈትሹ።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ አየር መስጫው ውሃ ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን በሊትር 2 ሚሊግራም ካልደረሰ ጥፋቱ ከዲዛይኑ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ብሎወሩ ያንኑ ያህል አየር ቢነፋም ውስጡ ያለው ኦክስጅን በሩብ ያህል ያንሳል። ውሃውም ራሱ ብዙ አይዝም፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት ባህር ዳርቻ ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ የሚይዘው ውሃ እዚህ 7 ገደማ ላይ ይቆማል። ስለዚህ በካታሎግ ብቻ ተመርጦ የመጣ ብሎወር እዚህ ትንፋሽ ያጥረዋል። ለጊዜው ተጠባባቂውን ብሎወር ከዋናው ጋር አብራችሁ አሠሩ። መስመሩና ብሬከሩ ይችሉ እንደሆነ ግን መጀመሪያ ኤሌክትሪሻን ይይ። ዘላቂው መፍትሄ ከፍታውን አስልቶ ብሎወር ወይም ዲፊውዘር መጨመር ነው። አዲስ ስትገዙም ሻጩን «ይህ አሃዝ በስንት ሜትር ከፍታ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ጄኔሬተር ስትገዙም ይህችው ጥያቄ ትሠራለች፤ እሱም ከፍታ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ሽታው የመጣው በበዓል ማግስት ነው

ይህ የብሎወር ጥፋት አይደለም። የኮንዶሚኒየም ኮሚናል (የጋራ መገልገያ ቤት) ማረጃ አለው። የማረጃው ፍሳሽ ወደ ማጣሪያው ከሄደ የፋሲካ ወይም የእንቁጣጣሽ ደም በአንድ ጠዋት ይገባል። ደም ከተራ የቤት ፍሳሽ ከመቶ እጥፍ በላይ ኦክስጅን ይፈልጋል። ባክቴሪያው ሲበላ ያለውን አየር ይጨርሰዋል። ደሙ በበርሜል ይሰብሰብ፣ ፈርስና ላባ ቱቦ ውስጥ አይግባ። ከገባ በኋላ የሚቻለው ማመጣጠኛው ውስጥ ይዞ በጥቂት በጥቂቱ መልቀቅና ብሎወሩን ሳያቋርጡ ማሠራት ነው። ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ይመለሳል።

ሌላ ቀን ጥሩ ነው፣ ውሃ የመጣ ቀን ይደፈርሳል

ይህን በውጭ መመሪያ ላይ አታገኙትም። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ፍሳሹም በፈረቃ ነው። ውሃ በሌለበት ቀን ትንሽ ብቻ ይመጣል፣ እሱም ወፍራም ነው። ውሃው በመጣ ሌሊት ሁሉም ሰው ልብስ ያጥባል፣ ቤት ይወለውላል፣ ሮቶውም ሞልቶ ይፈሳል። ጎርፉ ማዝቀጫው ላይ ሲደርስ የተኛውን ዝቃጭ ቀስቅሶ ይዞት ይወጣል። የወጣው ዝቃጭ ደግሞ ባክቴሪያችሁ ነው። በሚቀጥለው ቀን ሥራ የሚሠራ ያጣችሁት ለዚያ ነው።

መፍትሄው ማመጣጠኛ ታንኩ ነው። ብዙ ቦታ ታንኩ አለ፣ ግን ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ የፓምፑ ፍሎት (በውሃው ከፍታ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋው ተንሳፋፊ) ከፍ ተደርጎ ታስሯል። ሁልጊዜ ሙሉ የሆነ ታንክ ምንም አያመጣጥንም። ፍሎቱን ዝቅ አድርጉና በውሃ ቀን ዋዜማ ታንኩ እንዲጎድል አድርጉ። ፓምፑ በአንዴ ከሚያጎርፍ በታይመር ትንሽ ትንሽ ይልቀቅ። ታንኩ ከነአካቴው ጠቦ ከሆነ ከማስፋት ሌላ መላ የለውም።

ክረምት ላይም መልኩ ተመሳሳይ ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ዝናቡ እንደጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ ፍሳሹ ከጨመረ የጣሪያ አሸንዳ ከፍሳሽ መስመሩ ጋር ተገናኝቷል፣ ወይም ማንሆሉ ክዳን የለውም። ዝናቡ ካቆመ ከቀናት በኋላም ካልቀነሰ የከርሰ ምድር ውሃ በተሰነጠቀ ቱቦ እየገባ ነው። የመጀመሪያው በአንድ ቅዳሜ ይስተካከላል፣ ሁለተኛው ገንዘብ ይጠይቃል።

ዝቃጩ አልረጋ አለ

አንድ ሊትር የሚይዝ ቀጥ ያለ የመስታወት ዕቃ ከአየር መስጫው ሙሉና 30 ደቂቃ አስቀምጡት። ዝቃጩ ከ200 እስከ 300 ሚሊሊትር ላይ ቢቆም ደግ ነው። 700 እና 800 ላይ ከቀረ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ናሙናውን ከማጣሪያው በወጣ ንጹህ ውሃ እኩል በእኩል አቅጥኑና ድገሙት። አሁን ከመጀመሪያው ልክ ግማሽ በጣም በታች ከወረደ ዝቃጩ በዝቷል ማለት ነው፤ መምጠጫ መኪና ጠርታችሁ አስቀንሱ። በአንድ ጊዜ ሁሉንም አታስመጥጡ፣ እንደ አዲስ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ቢቀጥንም ካልወረደ ግን ክር መሰል ባክቴሪያ በዝቶበታል። የዚህ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የአየር እጥረት ወይም የቅባት ብዛት ነው።

በነገራችን ላይ ዝቃጭ ማስወጣት የሚረሳ ሥራ ነው። ሠራተኛው ፓምፕ ሲቆም ያያል፣ ዝቃጭ ሲከማች ግን የሚያየው የለም።

ዝቃጩ ረግቶ ከቆየ በኋላ በጓል በጓል ሆኖ፣ ትንንሽ አረፋ ይዞ ከተንሳፈፈስ? ማዝቀጫው ሥር ብዙ ቆይቶ የናይትሮጅን ጋዝ አውጥቷል። ዝቃጩን ወደ አየር መስጫው የሚመልሰው ፓምፕ የሚመልሰውን መጠን ጨምሩ።

አረፋ

ነጭና ቀላል ከሆነ ማጣሪያው ገና አዲስ ነው፣ ወይም ብዙ ኦሞ ገብቷል፤ ውሃ ርጩበትና ጠብቁ። ቡናማ፣ ወፍራምና ቅባት ያለው ከሆነ ዝቃጩ አርጅቷል፤ አረፋውን በአካፋ አንሱ፣ ዝቃጩንም ቀንሱ።

ፓምፑ በየቀኑ ብሬከር ይጥላል

ሲከፈት ውስጡ የሚገኘው ይታወቃል፦ ሞዴስ፣ ዳይፐር፣ እርጥብ መጥረጊያ፣ ጨርቅ። ሞተር ማስጠቅለል ምንም አይለውጥም። ወንፊቱ በየቀኑ ይጸዳ፣ በየመጸዳጃ ቤቱም ክዳን ያለው ቅርጫት ይኑር። ሆቴልና ምግብ ቤት ካለ ደግሞ ቅባት መያዣ ያስፈልጋል፣ እሱም በየሳምንቱ ካልተጠረገ እንደሌለ ይቆጠራል።

መብራት ጠፍቶ ቆየ

ለጥቂት ሰዓት ከሆነ ምንም አይሆንም። ቀን ሙሉ ከሆነ ግን ባክቴሪያው መድከም ይጀምራል። ጄኔሬተሩ ሁሉንም ካልቻለ ነዳጁን ለብሎወሩ ስጡ፣ በየሁለት ሰዓቱ ለግማሽ ሰዓት ብታሠሩት ብዙ ያድናል። መብራት ሲመለስ መጀመሪያ አየሩን አስነሱ፣ ፍሳሹን በኋላ ቀስ እያላችሁ ልቀቁ።

የሜምብሬኑ ግፊት እየጨመረ፣ የሚወጣው ውሃ እያነሰ ሄደ

ሜምብሬኑ ተደፍኗል። የባክቴሪያ ልጋግ ከሆነ በቀጠነ በረኪና፣ ነጭ ደለል ከሆነ በሲትሪክ አሲድ ይታጠባል፤ መጠኑ የአምራቹ መመሪያ ላይ አለ። ሁለቱን በፍጹም አትቀላቅሉ፣ የሚያፍን የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በመካከል በደንብ በውሃ ይለቅለቅ። ታጥቦም ወዲያው መልሶ የሚደፈን ከሆነ አውጥታችሁ እዩት። የተጠቀለለ ፀጉር ካገኛችሁ ያላለቀው ሥራ የወንፊቱ ነው። ለሜምብሬን ቀዳዳው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሆነ ወንፊት ያስፈልጋል፣ ጎኑም ክፍተት ሊኖረው አይገባም።