የፈረስዎን አፍ በሲባጎ ለክተው ልጓም ይግዙ

ለጋሪም ሆነ ለግልቢያ ልጓም ሲገዙ በዓይን ግምት አይምረጡ። ንጹሕ ሲባጎ በፈረሱ አፍ ውስጥ ያሳልፉ፤ የልጓሙ ብረት በሚያርፍበት፣ ማለትም በፊት ጥርሱና በመንጋጋው መካከል ባለው ባዶ ድድ ላይ። ወጠር አድርገው ሁለቱን የከንፈር ጥጎች በጣትዎ ይያዙ፣ አውጥተው እዚያው ላይ ይቋጥሩ። በቋጠሮዎቹ መካከል ባለው ርዝመት ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምሩ፤ የብረቱ ልክ ይኸው ነው። ያጠረ ብረት ከንፈሩን ይቆነጥጠዋል። የረዘመው ደግሞ ዛቡ (ከልጓሙ ጋር የተያያዘው መሳቢያ ጠፍር) በተሳበ ቁጥር ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ ድዱን ይልጠዋል።

ከፌሮ የተሠራ ከሆነ ጠርዙን በጣትዎ ይዳብሱት፤ ጣት የሚቧጭር ብረት የፈረስ አፍ ውስጥ መግባት የለበትም። ሲያስሩ በአፍንጫው ማሰሪያ ሥር ሁለት ጣት፣ በጉሮሮው ማሰሪያ ሥር ደግሞ ጭብጥ እጅ ይግባ፤ አለዚያ አንገቱን ሲያጥፍ ይታነቃል። በደጋ ብርድ ማለዳ ብረቱን መጀመሪያ በእጅዎ ያሙቁለት።

የከንፈሩ ጥግ ወይም ምላሱ ከቆሰለ ግን ልክ የሆነ ልጓምም ቢሆን አያግቡለት። እስኪድን በልባብ (አፍ ውስጥ የሚገባ ብረት በሌለው የራስ ማሰሪያ) ብቻ ይሳብ። ቁስል ሳይኖርበት ራሱን እየነቀነቀ ብረቱን እምቢ ካለ የእንስሳት ሐኪም ጥርሱን ይይለት።