መስመር ተዘጋ! ለአዲስ የኮንክሪት ፓምፕ ኦፕሬተሮች

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ፓምፕ የያዘ ልጅ ሲደውልልኝ፣ ሰላምታው ሳያልቅ ችግሩን እገምተዋለሁ። መስመር ተዘግቷል፤ ኮንክሪቱ ቧንቧው ውስጥ ቆሟል። ፓምፑ ራሱ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ጥፋቱ ያለው ወይ ኮንክሪቱ ላይ ነው፣ ወይ ቧንቧው ላይ፣ ወይ ሲሚንቶ የሰሰተው ሰውዬ ላይ።

ዘይትና ናፍጣውን፣ የእግሮቹን አቀማመጥ፣ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውን ጠዋት እንዳየህ ቆጥሬ ነው የምጽፈው። ካላየህ ይህን ትተህ ሂድና እይ።

ምልክቱ

መስመር በድንገት አይዘጋም። መጀመሪያ የግፊት መለኪያው ጌጅ ይናገራል። ግፊቱ በየምቱ (ፒስተኑ በገፋ ቁጥር) ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። የሞተሩ ድምፅ ይከብዳል። ቧንቧው በየምቱ መዝለል ይጀምራል። ጫፍ ላይ የሚወጣው ይቀጥናል፣ ከዚያ ይቆማል። አዲስ ኦፕሬተር ዓይኑ የቧንቧው ጫፍ ጎማ ላይ ወይም ስልኩ ላይ ስለሆነ ይህን ሁሉ ያልፈዋል።

ግፊቱ መውጣት ሲጀምር ፎርማኑ ሶሌታው ላይ ቆሞ «ግፋው እንጂ!» ይልሃል። አትግፋ። ሪቨርስ አስገባና ሁለት ሦስት ምት ወደ ሆፐር፣ ኮንክሪቱ ወደሚደፋበት ሳጥን፣ መልስ። መቅዘፊያው በደንብ ያዋህደው። ከዚያ በዝግታ ወደ ፊት ሞክር። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረህ እምቢ ካለ በቃ። ከዚህ በላይ በገፋኸው ቁጥር ውሃው ተጨምቆ ይወጣል፣ ጠጠሩና አሸዋው እርስ በርሱ ይቆላለፋል። በሪቨርስ ይመለስ የነበረውን ራስህ ድንጋይ ታደርገዋለህ።

ገና ሲጀምር ከተዘጋ

ይህ ከሁሉም የሚበዛው ነው። ኮንክሪት ቧንቧ ውስጥ የሚንሸራተተው ግድግዳው ላይ በሚለጠፍ ስስ የሲሚንቶ ልስን ነው። ቧንቧው ደረቅ ከሆነ የመጀመሪያው ኮንክሪት ልስኑን ለቧንቧው እየሰጠ ይሄዳል። ጥቂት እንደሄደ ጠጠሩ ብቻውን ይቀራል፣ ይቆማል። ስለዚህ ከኮንክሪቱ በፊት ቧንቧውን የሚቀባ ሞርታር መሄድ አለበት።

ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ባለ 125 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በአንድ ሜትር 12 ሊትር ገደማ ይይዛል። 100 ሜትር መስመር ከ1.2 ሜትር ኩብ በላይ ዋጠ ማለት ነው። ለዚህ መስመር አንድ ከረጢት ሲሚንቶ በበርሜል ውሃ በጥብጠው ሲያፈሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ለምን ሲባል «ሲሚንቶ ተወዷል»። አዎ ተወዷል። መስመሩ ሲዘጋ ግን ውጭ ቆሞ የሚጠብቀው ሚክሰር ሙሉው ይበላሻል። እዚያ ውስጥ ስንት ከረጢት እንዳለ ይቁጠሩት።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ቧንቧውን በውሃ አረጥባለሁ። ከዚያ አንድ እጅ ሲሚንቶ በሁለት እጅ አሸዋ፣ ወፈር ያለ ሞርታር። ለረጅም መስመር ግማሽ ሜትር ኩብ ያህል። ባለ 50 ኪሎው ስድስት ከረጢት ገደማ ይፈልጋል። ሆፐሩ ሳይጎድል ኮንክሪቱ ወዲያው ከኋላው ይከተላል። መሃል ላይ ቡና አይጠጣም። ቀድሞ የወጣውን ሞርታር ደግሞ ኮለን (ዓምድ) ውስጥ እንዳትደፋው። ጠጠር የሌለበት ቦታ ደካማ ይሆናል። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ቢጮህብህ እውነቱን ነው።

ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ከተዘጋ

ኮንክሪቱን ተወውና ክላምፑን፣ ቧንቧዎቹን የሚያያይዘውን ማሰሪያ፣ እይ። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ሥራ ነበር። መስመሩ መሬት ለመሬት ሄዶ ከኋላ ያለው ሕንፃ ላይ ይወጣል። ጠዋት ይዘጋል፣ ይከፍቱታል፣ ከሰዓት እዚያው ይዘጋል። ባለቤቱ «ፓምፑ አርጅቷል» ብሎ ሌላ ሊከራይ ነበር። ሄጄ ፓምፑን አልነካሁትም። በመስመሩ ላይ እየተራመድኩ መገጣጠሚያዎቹን ብቻ አየሁ። አንዱ ክላምፕ ሥር መሬቱ ነጭ ሆኗል። የሲሚንቶ ውሃ ሲንጠባጠብ ውሎ የደረቀ ነው። ስንከፍተው ጋስኬቱ (የመገጣጠሚያው ማሸጊያ ጎማ) ከጎሚስታ ቤት ከተገዛ ከመነዳሪ የተቆረጠ ነው። ከውስጥ ደረቅ ጠጠር ተንኮታኩቶ ወረደ። ልስኑ እዚያች ቀዳዳ ላይ እየወጣ ጠጠሩ ብቻ ወደ ፊት ሲሄድ ነበር። ትክክለኛውን ጋስኬት አስገባን፣ እስከ ማታ ያለ ችግር ሠራ።

ከመነዳሪ ለከመነዳሪ ሥራው ጥሩ ነው። እዚህ አይሆንም። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ!

ጋስኬቱ ደህና ሆኖ እዚያው ከዘጋ፣ ቧንቧው ውስጥ ያለፈው ሳምንት ኮንክሪት ተጋግሮ ይሆናል። በባትሪ አብርተህ እይ። በተለይ መታጠፊያውን፣ ማለትም ኤልቦውን፣ እና የሚጠበውን ቧንቧ።

ሥራ መሃል ላይ ከተዘጋ

ደሴ ላይ ከሆንክ የሐረጎን ዳገት አስብ። ኮንክሪቱ ኮምቦልቻ ተደባልቆ ዳገቱን ከከባድ መኪና ኋላ እየተጎተተ ይመጣል። ሲደርስ ደርቋል። ሾፌሩ የውሃ ጎማውን ይዞ ውሃ ይለቅበታል። አሁን ሲፈስ ያምራል፣ ለዓይን ቀላል ይመስላል። ቧንቧው ውስጥ ግን ውሃው ይቀድማል፣ ጠጠሩ ይዘቅጣል። አዲስ ልጆች የማያምኑኝ ይህን ነው፦ የቀጠነ ኮንክሪትም ይዘጋል። በአካፋ ዘግነህ እይ። ውሃው ሄዶ ጠጠሩ ራቁቱን ከቀረ አታስገባው። ስላምፑ (ሲፈተሽ ኮንክሪቱ የሚወርድበት መጠን) ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይመቸኛል። ማለስለሻ ኬሚካል ካስፈለገ የሚወስነው የማደባለቂያው ባለሙያ ነው፣ ሾፌሩ አይደለም። ውሃ ከነካው 90 ደቂቃ ያለፈውን ተጠራጠር። የኮምቦልቻ ፀሐይ ከሆነ ከዚያም በፊት።

ጠጠሩንም እይ። ትልቁ ድንጋይ ከቧንቧው ስፋት አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ለ125ቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 02 ጠጠር ተብሎ ጠፍጣፋና ረጃጅም ድንጋይ የሚጭን ክሬሸር ሞልቷል።

ሥራ የሚቋረጥበትን ሰዓት ቀድመህ ከፎርማኑ ጋር ተነጋገር። አርብ ጁምዓ ሰው ሰግዶ እስኪመለስ ሙሉ መስመር ዝም ብሎ ፀሐይ ላይ ከቆመ መዘጋቱ ነው። ወይ ሚክሰሩ ከሶላት በኋላ ይምጣ፣ ወይ አንተ በየአምስት በየአሥር ደቂቃው ትንሽ ወደ ኋላ ትንሽ ወደ ፊት አንቀሳቅሰው።

ቁልቁል ስትገፋ

ከመንገድ በታች የሚሠራ ቤት ደሴ ላይ ብዙ ነው። ቁልቁል ቀላል ይመስላል። አይደለም። ኮንክሪቱ በራሱ ክብደት ይወድቃል፣ ይለያያል፣ ታች ኤልቦው ላይ ጠጠሩ ቀድሞ ይከመራል። ከሞርታሩ ፊት የስፖንጅ ኳስ አስገባ። ታች ላይ ጥቂት ሜትር ጋደም ያለ ቧንቧ ጨምር፣ ፍጥነቱን ይይዘዋል።

መክፈት ግድ ከሆነ

እዚህ ላይ አትቸኩል። ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

የተዘጋበትን ቦታ ፈልግ። ከፓምፑ እስከ መዘጊያው ያለው ቧንቧ ሲገፋ ይዘላል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ዝም ይላል። በመዶሻ ቀስ ብለህ ምታው። የታጨቀው ቦታ ድፍን ድምፅ አለው። ከዚያ ሪቨርስ አድርገህ ግፊቱን አውርድ፣ ጌጁን እይ፣ ሞተር አጥፋ፣ ቁልፉን ኪስህ ክተት። ግፊት ያለበትን ክላምፕ መክፈት ማለት ጠጠር ፊትህ ላይ መተኮስ ማለት ነው። ስትከፍትም ፊትህን አዙር፣ መነጽር አድርግ፣ የቀን ሠራተኞቹን አርቅ። ቡም (ቧንቧ የተሸከመ የፓምፕ ክንድ) ከሆነ ቀድመህ ዝቅ አድርገው። በኮምፕሬሰር አየር ለመክፈት የሚሞክር ካለ ከቦታው ውጣ። ምንም አትከራከረው፣ ውጣ።

እንደገና ስትጀምር መስመሩ ውስጥ አየር አለ። የታመቀው አየር ሲወጣ የጫፉ ጎማ ተወርውሮ ሰው ይመታል። ኮንክሪቱ ሳይቆራረጥ እስኪወጣ ድረስ ጎማውን ማንም አይያዝ፣ አጠገቡም አይቁም። ሆፐሩ ጎድሎ አየር ከሳበም እንዲሁ ነው።

የሆፐሩን ፍርግርግ ድንጋይ ያዘው ብለው የሚያነሱት አሉ። እጅና እግር የሚቆርጠው ኤስ ቫልቭ (ኮንክሪቱን ወደ ቧንቧው የሚያዞረው) ከሥሩ ነው። አታስነሳ።

የመብራት ሽቦ፦ 6 ሜትር ራቅ። ጠባብ ሰፈር ውስጥ ካልተመቸህ ቡሙን አትዘርጋ፣ መሬት ላይ ቧንቧ ቀጥል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የውሃ ሳጥኑ ውሃ ወተት ከመሰለ የፒስተኑ ጎማ አልቋል። ዘይት ከተንሳፈፈበት ያለቀው የሲሊንደሩ ማሸጊያ (ሲል) ነው።

ኤስ ቫልቩ ሲዞር ከደከመ የአኩሙሌተሩ (ግፊት የሚያጠራቅመው ጋን) ናይትሮጅን ወርዷል። ራስህ አትፍታው፣ ባለሙያ ጥራ።

ዘይቱ ከ80 ዲግሪ ካለፈ አቁምና አቀዝቅዝ፣ ራዲያተሩን ከአቧራ አጽዳ።

ፓምፑ እየመታ፣ ጌጁ ዝቅ ብሎ፣ የሚወጣው ግን ትንሽ ከሆነ በኤስ ቫልቩ ቀለበትና በፊቱ ባለው ሳህን መካከል ክፍተት ተፈጥሯል። አጥብቀው፣ ካለቀ ለውጠው። ርካሹ ቀለበት ቶሎ ይበላል። ልትገዛ ስትሄድ አሮጌውን ይዘህ ሂድና ልኩንም ክብደቱንም ሱቁ ውስጥ አነጻጽር።