ጥገኛ ተርቡ ከመለያ ቁልፉ ጋር አልገጥም ሲል

ጥገኛ ተርቡ፣ ሌላ ነፍሳት ላይ ወይም ውስጥ አድጎ የሚገድለው፣ አልገጥም ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚራገመው መለያ ቁልፉን፣ በጥያቄ እየመራ ወደ ስሙ የሚያደርሰውን ዝርዝር ነው። ቁልፎች ይሳሳታሉ፣ አልክድም። እኔ ጋ "እባክህ እየው" ተብለው ከሚመጡት ናሙናዎች ግን የቁልፍ ስህተት የተገኘባቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በቀሩት ላይ ወይ ክንፉ ታጥፏል፣ ወይ ሙጫው በዝቷል፣ ወይ መብራቱ ያጥበረብራል። ሴትን ከወንድ መለየት፣ ሌንስ መጥረግ፣ አንቴና መቁጠር ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው።

ብራኮኒዴ ብላችሁ ጀመራችሁ፣ ከዚያ በኋላ ምንም አይገጥምም

ይህንን ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አላውቅም። ተርቡ ቀጭን ነው። አንቴናው ረጅምና ባለብዙ አንጓ ነው። የፊት ክንፉ ጠርዝ ላይ ጥቁር ነቁጥ አለ። ቁልፉ 2ኤም-ሲዩ የሚባለው የክንፍ ሥር (ክንፉ ላይ እንደ ደም ሥር የሚታይ መስመር) አለ ወይስ የለም ብሎ ይጠይቃል። ካለ ኢክኒዩሞኒዴ፣ ከሌለ ብራኮኒዴ። ሁለቱ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው ስም የወጣላቸው ከ20 ሺህ በላይ ዝርያዎች አሏቸው። እዚህ መገንጠያ ላይ የሳተ ሰው ቤቱን በሌላ ከተማ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል።

መንስኤው ቀላል ነው። ሥሩ አልታየም፣ ስለዚህ "የለም" ተባለ። አለመታየትና አለመኖር ለየቅል ናቸው! የኢክኒዩሞኒዴ 2ኤም-ሲዩ ላይ ክንፉ የሚታጠፍበት መስመር ሲያቋርጠው አንድ ወይም ሁለት ፈዛዛ ክፍተት ይፈጠራል። ጀማሪ ያንን ክፍተት ያይና ሥሩ ተቋርጧል ይላል። ሁለተኛው መንስኤ አልኮል ውስጥ ከርሞ በቁመቱ የተጣበቀ ክንፍ ነው። ሦስተኛው ትንንሽ ዝርያዎች ላይ ሥሩ ራሱ የገረጣ መሆኑ ነው።

መፍትሄው ክንፉን አውጥቶ ማየት ነው። የቀኙን የፊት ክንፍ ብቻ ከደረቱ ጋር ከሚገናኝበት በወረንጦ ንቀሉ። የግራውን እንዳትነኩት! መስታወት ላይ የአልኮል ጠብታ አድርጉና ክንፉን በቀጭን ብሩሽ ዘርጉት። ስስ መሸፈኛ መስታወት ጣሉበት። መብራቱ ከታች ይምጣ፣ ግን ቀንሱት። ሲበዛ የገረጣ ሥር ይጠፋል። አሁንም ካልታየ መብራቱን ከጎን አድርጉና ከታች ጥቁር ወረቀት አስገቡ። ከጥቁሩ ነቁጥ ተነስታችሁ ወደ ክንፉ ጫፍና ወደ ኋላ ጠርዝ ውረዱ። ብዙ ኢክኒዩሞኒዴ ላይ እዚያ አካባቢ ትንሽ የተዘጋች ክፍል አለች፣ 2ኤም-ሲዩም ከሷ ስር ወደ ታች ይወርዳል። ክፍሏ ባትኖርም ሥሩ ይኖራል። አጭሩ መንገድ መቁጠር ነው። ከክንፉ መሃል ወደ ኋላ የሚወርዱ ሁለት አግዳሚ ሥሮች ካሉ ኢክኒዩሞኒዴ፣ አንድ ብቻ ከሆነ ብራኮኒዴ ነው።

ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ሆዱን እዩ። ብራኮኒዴ ላይ የሆዱ ሁለተኛና ሦስተኛ የጀርባ ሰሌዳዎች ተጣብቀዋል። በመርፌ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ስትገፉት እዚያ ጋ አይታጠፍም። ክሽክሽ (አፊድ፣ የተክል ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት) የሚያጠቁት ብራኮኒዴዎች፣ እነ አፊዲየስ፣ ግን ከዚህ ውጪ ናቸው፤ እዚያው ላይ ይታጠፋሉ። ብዙ ሰው በነሱ ተሸውዷል፣ እኔም ጭምር።

አንድ ተማሪ 17 ተርቦች ይዞ መጣ። ክንፋቸውን ነቅሎ ጥሩ አድርጎ ዘርግቷል። እጁ ወርቅ ነው። መስታወቶቹ ላይ ግን ቁጥር አልጻፈም። 17 ክንፍና 17 ክንፈ ጎዶሎ ተርብ፣ ማን የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የግራውን ክንፍ ስላልነካ ነው የዳንነው። ሁለት ቀን ግን አቃጠለን። ስለዚህ ክንፉን ከመንቀላችሁ በፊት ቁጥሩን ጻፉ። በእርሳስ። እስክሪብቶ አልኮል ሲነካው ይጠፋል። ደግሜ እላለሁ፣ በእርሳስ!

ብርቅዬ ልዩነቶችም አሉ። ሂብሪዞን የተባለው ኢክኒዩሞኒዴ ሆኖ 2ኤም-ሲዩ የለውም። የቺሊው አፖዚክስ ደግሞ ብራኮኒዴ ሆኖ ሥሩ አለው። እነዚህን ለሰበብ አትጠቀሙባቸው፣ እጃችሁ ላይ ያለው እነሱ አይደሉም።

ከክሽክሹ የወጣው ተርብ "መውጣት ያለበት" አይደለም

አፊዲየስ ጠብቃችሁ የሚያብረቀርቅ ጥቁር፣ ክንፉ ላይ ሥር የሌለው የሚመስል ነገር ወጣ። ናሙናው አልተቀላቀለም። የወጣው ጥገኛውን የበላ ሌላ ጥገኛ ነው። አሳፌስ፣ ዴንድሮሴረስና አሎክሲስታ የዚህ ዓይነት ናቸው። ባዶውን የክሽክሽ ገላ እዩት። አፊዲየስ ሲወጣ ክብና ንጹህ ቀዳዳ ይቆርጣል፣ አንዳንዴ ክዳኑም ተንጠልጥሎ ይገኛል። የሌላው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ጠርዙ የተቦጫጨቀ ነው። የገላው ቀለምም ይናገራል። ወርቃማ ቡኒ ከሆነ አፊዲየስን ጠርጥሩ፣ ጥቁር ከሆነ አፌሊነስ የተባለውን ሌላ የክሽክሽ ጥገኛ። ከክሽክሹ ስር የድንኳን ቅርጽ ያለው የሐር ቤት ካለ የአፊዲየስ ዘመድ የሆነው ፕራኦን ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ገላው ከተርቡ ጋር ከተቀመጠ ነው። 50 ክሽክሽ በአንድ ጠርሙስ ከታችሁ "የትኛው ከየትኛው ወጣ?" ብላችሁ አትጠይቁኝ። እያንዳንዱን ለብቻው ባዶ የመድኃኒት ካፕሱል ውስጥ አድርጉ።

አባጨጓሬ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። አባጨጓሬ ከሚያጠቃው ብራኮኒዴ፣ ከኮቴሲያ፣ የሐር ቤት የወጣው ተርብ ክንፉ ላይ ትልቅ የአልማዝ ቅርጽ ያላት ክፍል ካለችው ሜሶኮረስ ነው፣ ኮቴሲያን የበላው።

የገላው ሸካራነት አንዴ ይታያል፣ አንዴ አይታይም

ጥፋቱ የመብራቱ ነው። ርካሹ ክብ ኤልኢዲ ጥቁር ተርብ ላይ ነጭ ነጠብጣቦች ይረጭና ከስራቸው ያለውን ሁሉ ይውጠዋል። ያ ሸካራነት ነው ኮቴሲያን ከዘመዱ ከአፓንቴሌስ የሚለየው፣ ትሪሶልከስ የተባለው ጥገኛ ተርብ ላይም ዝርያ የሚለየው በዚሁ ነው። ትሬሲንግ ፔፐር በቱቦ መልክ ጠቅልላችሁ ተርቡን ክበቡት፣ መብራቱም በወረቀቱ አልፎ ይምጣ። ወጪው ከቁብ የማይቆጠር ነው፣ ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር።

"2000 ጊዜ ያጎላል" ተብሎ የሚሸጠውን ባለ ዩኤስቢ ማይክሮስኮፕ አትግዙ። የሚያጎላው ብዥታውን ነው።

ሙጫ ሌላው ነቀርሳ ነው። የደረቱን ጎንና ጀርባ ከሸፈነ ቁልፉ የሚጠይቀው ግማሹ ተቀብሯል። በውሃ የሚሟሟ ሙጫ ተጠቀሙ፣ ጠብታዋም ከተርቡ ጎን አትለፍ። በሱፐር ግሉ የተለጠፈ ተርብ አንዴ ደርሶኝ ነበር። ካርቶኑን ነው የለየሁት።

ገላው ተጨማድዶ ዘቢብ መስሏል

ለስላሳ ትንንሽ ተርቦች ከአልኮል ወጥተው በአየር ሲደርቁ ይሟሽሻሉ። አንዴ ከተጨማደደ ተስፋው ትንሽ ነው። ሌላ ናሙና ካለ እሱን ያዙ። ቀጣዮቹን ከንጹህ አልኮል በኋላ በሄክሳሜቲልዳይሲላዘን አድርቁ። ይህ ፈሳሽ መርዛማና ተቀጣጣይ ነው፣ አየር በደንብ በሚስብ ቦታ ብቻ ይሁን። ለቅርጽ ከ70 እስከ 80 በመቶ አልኮል ይበቃል። ለዲኤንኤ 95 በመቶ ያስፈልጋል፣ ግን ገላውን ያደርቀዋል፣ አንቴና ስትነኩት ይረግፋል።

አጫጭሮቹ

መጠኑ አይገጥምም፦ ተዉት። ትልቅ ነፍሳት ውስጥ ያደገ ተርብ ትልቅ፣ ትንሽ ውስጥ ያደገ ትንሽ ይሆናል።

ቀለሙ ይጠቁራል፦ በቀዝቃዛ ወቅት ያደጉት ብዙ ጊዜ ይጠቁራሉ። በቀለም ብቻ ስም አትስጡ።

የእግር ጫፍ አንጓ ቁጥር ይዋዥቃል፦ ጥፍር ያለበትን አንጓ ረስታችኋል። ከጥቃቅኖቹ ጥገኛ ተርቦች ኢዩሎፊዴ 4፣ ትሪኮግራማ 3፣ አብዛኞቹ ፕቴሮማሊዴ 5።

በመብራት የመጣ ብርቱካናማ ተርብ፦ የፊት ክንፉ ላይ ጸጉር አልባ መስኮት ካለና ውስጡ ትንንሽ ጠንካራ ነጠብጣቦች ካሉ ኤኒኮስፒለስ ነው። ብዙ ሰው ግን በስህተት ኦፊዮን፣ የዘመዱን ስም፣ ይሰጠዋል።

ሁሉም ገጥሞ ሁለት ስም ቀረ

ኮቴሲያ ፍላቪፔስ፣ ሰሳሚዬና ቺሎኒስ ግንድ ቦርቧሪ አባጨጓሬ የሚያጠቁ፣ ገላቸው ጠፍጣፋ ዘመዳሞች ናቸው። ከውጭ አይታችሁ አትወራረዱ። ወንዱን ፈልጉና የመራቢያ አካሉን አውጡ። ትሪኮግራማም እንዲሁ ነው፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነችን ሴት ይዞ የዝርያ ስም መስጠት ድፍረት ነው። ወንዱን በአንቴናው ረጃጅም ጸጉር ታውቁታላችሁ። 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሥጋውን ያጠራዋል። ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ፣ ቶሎ ቶሎም እዩት። ረስታችሁት ካደራችሁ የሚተርፈው ጥላ ነው።

ወንድ ጨርሶ የማይወጣበት የትሪኮግራማ ዘርም ያጋጥማል። አንዳንዱ ውስጥ ዎልባኪያ የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ ሴቶቹ ያለ ወንድ ሴት ብቻ ይወልዳሉ። እናቶቹን አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት ማር ብትመግቡ በሚቀጥለው ትውልድ ወንድ ሊመጣ ይችላል። ጊዜ ከሌላችሁ አይቲኤስ 2 የተባለውን የዲኤንኤ ክፍል አስነብቡ። ከዚያው ዘር የተወሰኑትን ግን ሳይፈጩ አልኮል ውስጥ አስቀሩ።